ከቦሌ እስከ ጅማ፣ 15 ቀን፦ የወሸባ ሆቴል የጉዞ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት የተነሣ መኪና ከሰዓት በኋላ ይገባል፤ በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓትም አይሞላ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ግን ከውጭ አገር ለሚመጣ የጅማ ሰው ይኸው መንገድ 15 ቀን ይፈጅ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ተገኘ ተባለ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ በቦሌ የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን በተመረጠ ሆቴል፣ በራሱ ወጪ እንዲቆይ ተወሰነ። መጀመሪያ ስማቸው የተጠራው ስካይላይትና ግዮን ነበሩ። ከዓረብ አገር በብዛት የተመለሱት ወገኖች በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች እንዲቆዩ ተደርጓል፤ የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህ ማስታወሻ ስለ ሆቴሉ ነው።

ነገሩን ኳራንቲን ያለው አለ፣ ለይቶ ማቆያ ያለው አለ፣ ወሸባ ያለውም አለ። ወሸባ እንበለው፣ አጭር ነው።

ቀኖቹን በአንድ እውነተኛ የቀን መቁጠሪያ ላይ እናስኬዳቸው፦ በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 12 ለማክሰኞ አጥቢያ ቦሌ ያረፈ መንገደኛ። እነዚህን ሁለት ሳምንታት የመረጥናቸው ረመዳንም፣ ሁለት የሕዝብ በዓላትም ስለሚገቡባቸው ነው። በወሸባ ውስጥ ሰው የሚሳሳተው ከበሽታው ይልቅ በቀን ቆጠራው ነው፤ ቆጠራው ሲዛነፍ ገንዘብም፣ ወረቀትም፣ የጅማው መኪናም አብረው ይዛነፋሉ።

ሻንጣው ሳይዘጋ

የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የ14 ቀን ሳይሆን የ20 ቀን ይያዝ፤ ውጤት ሊዘገይ ይችላል፣ በዓል ሊገባ ይችላል፣ ሆቴል ውስጥ ሆኖ ደግሞ ፋርማሲ መሄድ የለም። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ትልቁ ሻንጣ ቀርቶ በሚቀጥለው በረራ ሊመጣ ይችላል። ሁለት እስክሪብቶ ያዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚሞላ ቅጽ ነበር፣ አንድ እስክሪብቶ በመቶ እጅ ሲዞር ማየት ደግሞ አያስደስትም። ከዚያ የራሳችሁ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ ኦሞ፣ 3 ሜትር የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ 110 ቮልት ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ እዚያው ተዉት፤ እዚህ 220 ነው፣ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው ሁለቱንም ይችላል፤ ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ካለ አትጨነቁ።

ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት፦ ቀን 0

የመጀመሪያው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢያርፍ እኛ «ሰኞ ሌሊት ገባሁ» እንላለን። ፓስፖርቱ ላይ የሚመታው ማኅተም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኩለ ሌሊት ስላለፈ ማክሰኞ ብሎ ይመታዋል። ስለዚህ የእናንተ ቆጠራና የጤና ባለሙያው ቆጠራ ከመነሻው በአንድ ቀን ይለያያሉ። በዚያ ላይ የገባችሁበት ቀን ዜሮ ነው ወይስ አንድ የሚለው ጥያቄ ይጨመራል። ዜሮ ካሉት 14ኛው ቀን ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል፣ መውጫው ረቡዕ ጠዋት ይሆናል። አንድ ካሉት ሰኞ ያልቃል። ክፍል ከመግባታችሁ በፊት መዝጋቢውን «መውጫዬ ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት ነው?» በሉትና የሚላችሁን እዚያው ጻፉት። ጅማ ያለ ሰው መኪና ሊልክላችሁ ካሰበ መጠበቅ ያለበት ይህን ቀን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋጋው ነው። በአገራችን ሆቴሎች የሚነገረው የአልጋ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያለ አገልግሎትና ያለ ቫት ነው። 10 በመቶ አገልግሎት ይጨመራል፤ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። ለምሳሌ በሌሊት 50 ዶላር ከተባላችሁ፣ 55 ይሆናል፣ ከዚያ 63.25። በ14 ሌሊት 700 ሳይሆን 885.50 ነው። ምግቡ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? ሦስት ጊዜ ነው ወይስ ቁርስ ብቻ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በድካም ዐይን ይህን መጠየቅ አይመችም። ያኔ ያልተጠየቀ ግን በመውጫው ቀን ያጨቃጭቃል።

ሦስተኛው ክፍሉ ነው። ቁልፉን ተቀብላችሁ ሻንጣ ሳትፈቱ አምስት ነገር እዩ፦ መስኮቱ ይከፈታል? ሙቅ ውሃ አለ? የክፍሉ ስልክ ይሠራል? የውሃ ማፍያው ያፈላል? በሩ ሥር ያለው ክፍተት ምን ያህል ነው? አንድ ሌሊት ካደራችሁበት በኋላ ክፍል መቀየር አስቸጋሪ ነው፤ የለቀቃችሁት ክፍል አየር ሳይገባበትና ሳይጸዳ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ስለዚህ ሆቴሉ እንደ ሁለት ክፍል ይቆጥረዋል። መስኮቱ ካልተከፈተ ግን እዚያው ተከራከሩ። ለ14 ቀን ዋናው ዕቃ አልጋው አይደለም፣ መስኮቱ ነው።

ረቡዕ ሚያዝያ 14፦ ቀን 1

ከቀትር በኋላ ራስ ምታት ይጀምራል። ግንባርን ጨምድዶ ይይዛል፣ ያደክማል፣ ያነጫንጫል። መንገደኛው ወዲያው ቴርሞሜትር ያነሣል፤ ትኩሳት የለም። ቤተሰብ በስልክ ይደናገጣል።

ለጅማ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ቡና ከጠጣህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» የሚል ነው። በቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው ቡናው ሲቋረጥበት ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን አካባቢ ይበረታል፣ እስከ ሳምንት ሊቆይም ይችላል። የበረራው ቀን፣ የሌሊቱ ምዝገባ፣ ከዚያ የመጀመሪያው የሆቴል ቀን፤ ሲደመር ልክ እዚያ ላይ ይደርሳል። ቡና ጠጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀለል ካለው ነገሩ ታወቀ። ጫት ለምዶ የመጣም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርትና የእንቅልፍ ብዛት ያገኘዋል፤ እሱም በራሱ ጊዜ ይለቃል።

ቡናውን በሆቴል ክፍል እንዴት? መቁላት አይታሰብም። ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ ጠቋሚ ይጮኻል፣ ኮሪደሩ በሙሉ ይወጣል፣ ሁሉም ሰው እንዳይገናኝ ተብሎ በተዘጋበት ፎቅ ላይ ሁሉም ሰው ይገናኛል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የተፈጨ ቡና ሩብ ኪሎ በሪሴፕሽን በኩል ያስገባላችሁ። ዱቄቱን ውሃ ማፍያው ውስጥ አትጨምሩት፤ ይገነፍላል፣ ታች ያለው ብረት ላይ ተጣብቆ ያራል፣ ከዚያ በኋላ ሻይ ስታፈሉም የተቃጠለ ቡና ይሸታል። በብርጭቆ ይሠራ፦ ለ200 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ማለት 12 ግራም ገደማ። ውሃው እንደፈላ ወዲያው ጨምሩበት። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቡናው ሳይወጣለት ይቀራል። አማስሉት፣ 4 ደቂቃ ተዉት፣ ላዩ ላይ የቆመውን ዱቄት በማንኪያ ነካ አድርጉት፤ ይሰጥማል። ሌላ 3 ደቂቃ ይስከን። ብርጭቆውን ሳታናውጡ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡና የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል ተዉት። የጀበና አተላ እንደሚቀር ሁሉ ይቀራል። ጀበና አይሆንም፣ ራስ ምታቱን ግን ያስለቅቃል።

ሐሙስ ሚያዝያ 15፦ ቀን 2

ስለ በሩ። ምግብ ሲመጣ ይንኳኳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁ ይሄዳል። ሰው የሚሳሳተው ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ወዲያው ሲከፍት ነው። በዚያች ደቂቃ የፊት ለፊቱም፣ የጎኑም ጎረቤት ይከፍታል፤ ሁሉም ምግቡ የመጣው እኩል ነውና።

ለምን ያስፈራል? የክፍሉ አየር በሩ ሲከፈት ወደ ኮሪደር ይወጣል፣ ኮሪደሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት የለውም። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በአንድ ወሸባ ሆቴል ጎን ለጎን የነበሩ መንገደኞች ተላልፈዋል፤ የደኅንነት ካሜራው ሲታይ የአንዱ በር ተዘግቶ የሌላው እስኪከፈት የነበረው ልዩነት 50 ሰከንድ ብቻ ነበር። ፊት ለፊት አልተገናኙም፣ ዕቃም አልተቀባበሉም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ሲንኳኳ ማስክ አድርጉ። መስኮቱን ዝጉ፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ነፋሱ የክፍላችሁን አየር በበሩ በኩል ገፍቶ ወደ ኮሪደር ያወጣዋል። ጆሮ ጣል አድርጉ፤ የጎረቤት በር ተከፍቶ ከተዘጋ ጥቂት ደቂቃ ይለፍ። ክፈቱ፣ አንሡ፣ ዝጉ። ከዚያ መስኮቱን መልሳችሁ ክፈቱት፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ማስኩን በመጨረሻ አውልቁ። ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አዎ። የበሩን ታች ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ መዝጋትም ይረዳል። ቆሻሻ በሚወጣበት ጊዜም ያው ነው፤ ፌስታሉ ሁለት ይሁን፣ ይቋጠር፣ ምግብ ከሚቀመጥበት ወንበር በተቃራኒ በኩል ይቀመጥ።

በረኪና ያገኘ ሰው ለመታጠቢያ ቤቱ ይጠቀምበት። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ለ49 እጅ ውሃ፤ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ለ1 ሊትር ውሃ ይጠጋል። ጠንከር ያለው 1 ለ9 ለታመመ ሰው ፈሳሽ ነው፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ግን ሳንባ ያቃጥላል። ከአልኮል ጋር ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አይቀላቀል፣ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። በየቀኑ በጥብጡ፤ ያደረ ውህድ ኃይሉ ይደክማል።

ዐርብ ሚያዝያ 16፦ ቀን 3፣ የረመዳን 1ኛ ቀን

የሆቴል ወጥ ቤት በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓት ነው የሚሠራው። ለሚጾም ሰው ሦስቱም ሰዓቶች ስሕተት ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ደውላችሁ ካልተነጋገራችሁ ለዐርብ አጥቢያ ሱሑር (ከንጋት በፊት የሚበላው) የለም። በተግባር የሚሠራው ስምምነት እንዲህ ነው፦ ቁርሱ ይቅርና የሱሑሩ ምግብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አብሮ ይምጣ፤ ሌሊት የማይበላሽ ነገር ይሁን፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ እርጎ በክፍሉ ፍሪጅ። ምሳው ይሰረዝና በሱ ፈንታ አፍጥር ላይ ሾርባና ቴምር ይጨመር። ወጥ ቤቱ እምቢ የሚለው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትኩስ ምግብ ሲጠየቅ ነው፤ በማታው ሰው ላይ መጮኽ አይጠቅምም።

የሰዓት ሰሌዳውን ከጅማ አታስልኩ። ጅማ ከአዲስ አበባ በምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው 7 ወይም 8 ደቂቃ ዘግይታ ነው። በጅማ ሰሌዳ ማፍጠር ማዘግየት ብቻ ነው፤ በጅማ ሰሌዳ ሱሑር መብላት ግን ፈጅር (የንጋቱ ሶላት) ገብቶ መብላት ይሆናል። ቂብላው (የሶላት አቅጣጫው) ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው፣ በ5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። የስልክ ኮምፓስ በብረት አልጋና በፍሪጅ አጠገብ ይሳሳታል፤ መስኮት ጋ ሄዳችሁ እዩት፣ ወይም ፀሐይ የጠለቀችበትን በግራ እጃችሁ አድርጋችሁ ቁሙ።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፦ ቀን 4 እስከ 9

እነዚህ ቀናት አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቶሎ እንለፋቸው።

ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት። ትኩስ ነገር ከጠጡ ወይም ሻወር ከወሰዱ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። የሰው ሙቀት በተፈጥሮው ወደ ማታ ከፍ ይላል፤ የጠዋት 36.4 ማታ 36.9 ቢሆን በሽታ አይደለም። በብብት የሚለካው በአፍ ከሚለካው ግማሽ ዲግሪ ያህል ያንሳል፤ አንዴ በብብት አንዴ በአፍ እየለካችሁ አታወዳድሩ። 38 ከደረሰ ወይም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ለሆቴሉ የጤና ባለሙያ መንገር፣ ካልተገኘ 8335 ወይም 952 መደወል ነበር አሠራሩ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ ያለው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ ጤነኛም ሰው ዱባይ ሳለ ያየውን 98 እዚህ ላያይ ይችላል። የራሳችሁን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን መዝግቡና ከሱ መውረዱን ተከታተሉ። የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለም ንባቡን ያበላሻሉ።

ልብስ ማጠቢያ አገልግሎቱ በዚያን ጊዜ አይታመንም ነበር። በየቀኑ ሁለት ልብስ በእጅ መታጠቢያው ላይ ማጠብ ከአንድ ሳምንት ክምር ይሻላል። በፎጣ ጠቅልሎ መርገጥ ግማሹን ውሃ ያወጣዋል። ጂንስ አትጠቡ፤ የበልግ ዝናብ በያዘው ሳምንት ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ክፍሉን ደግሞ እርጥብ እርጥብ ያሸትተዋል።

እግር መንቀሳቀስ አለበት። ከረጅም በረራ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል ለደም መርጋት ያጋልጣል። ከመስኮት እስከ በር 5 ሜትር ከሆነ፣ ደርሶ መልስ 10 ነው፤ 200 ጊዜ 2 ኪሎ ሜትር። ሃምሳ ሃምሳ እያደረጉ ለአራት መክፈል ይቀላል። ባት ላይ በአንድ እግር ብቻ እብጠትና ሕመም ከመጣ ዝም አይባልም።

ከዘመድ የሚገባ ዕቃ ላይ ስምና የክፍል ቁጥር በወፍራም ብዕር ይጻፍ። ስማችሁን በፓስፖርታችሁ እንዳለው ይጻፉት፤ ጅማ ላይ ሁሉም ሰው «አባ እንትና» ብሎ የሚያውቃችሁ ቢሆንም ሪሴፕሽኑ አያውቃችሁም። ወጥ ከሆነ ግን በበሩ ላይ ሲያመላልሱት ያድርና ይኮመጥጣል፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጩኮና በሶ ይሻላሉ። ጩኮ በተለይ ቅቤው ስለሚይዘው ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ ለሱሑርም የሚወዳደረው የለም።

ብዙ ሰው የሚከብደው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቀን ላይ ነው። አዲስነቱ አልቋል፣ መውጫው አልቀረበም። የሰዓት መዛባቱም እዚያው ይጨመራል፤ ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የ7 ሰዓት ልዩነት አለበት፣ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ጠዋት መስኮት ላይ ፀሐይ መሞቅ ከእንቅልፍ ኪኒን ይሻላል።

ዐርብ ሚያዝያ 23፦ ቀን 10

የሠራተኞች ቀን። ቢሮ ዝግ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የቀን መቁጠሪያውን አፍጣችሁ እዩ፤ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፣ ያም ዝግ ነው። መሐል ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ። ወረቀት የሚፈረምበት አንድ ቀን ብቻ ቀርቷል፤ ሰኞ። ይህን ያላየ ሰው ማክሰኞ 14 ቀኑን ጨርሶ፣ ፈራሚ አጥቶ፣ ለተጨማሪ ሌሊት ይከፍላል።

ቅዳሜ ሚያዝያ 24፦ ቀን 11

ናሙና። 14 ቀን የተባለው ከሜዳ አልመጣም፤ ምልክት ከሚያሳዩ ሰዎች 97 በመቶ ያህሉ በ11 ቀን ተኩል ውስጥ ያሳያሉ። «ለምን ገና ስንገባ መርምረው አይለቁንም?» ለሚለው ጥያቄም መልስ አለው። ሰው በተያዘ በ4ኛው ቀን ምርመራው ከ3 ሰው 2ቱን ያህል ነፃ ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል፤ በ8ኛው ቀን ግን የሚስተው ከ5 አንዱን ያህል ነው። አውሮፕላን ውስጥ የተያዘ ሰው ቦሌ ላይ ቢመረመር ምንም አይታይበትም።

ናሙናው የሚያመው አንገት ሲደርቅ ነው። ራስን ወደ ኋላ ዘንበል፣ ማስኩን ከአፍንጫ በታች ብቻ ዝቅ፣ በአፍ መተንፈስ። እንጨቱ የሚገባው ወደ ግንባር ሳይሆን ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ በአግድም ነው፤ ወደ ላይ ሲገፋ ከተሰማችሁ እጅ አንሡ። ዐይን ያነባል፣ ያስነጥሳል፣ በቃ። ከጉሮሮ የሚወሰድ ከሆነ ከምግብ በኋላ ወዲያው አይሁን፣ ያስመልሳል።

ከሕመሙ በላይ ተጠንቀቁ የምንለው ጠርሙሷ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ስማችሁንና የፓስፖርት ቁጥራችሁን ራሳችሁ አንብቡት። በአንድ ፎቅ ላይ ሁለት «መሐመድ አሕመድ» መኖራቸው ብርቅ አይደለም፤ ሦስተኛው፣ የአያት ስም ካልተጻፈ ውጤት ይቀያየራል።

ሰኞ ሚያዝያ 26፦ ቀን 13

የወረቀት ቀን። የመውጫ ምስክር ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይታይ፦ የስሙ ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑ፣ የገባችሁበትና የምትወጡበት ቀን፣ የምርመራው ውጤት፣ ማኅተም ከነፊርማው። ማኅተም የሌለው ወረቀት መንገድ ላይ ከባዶ ወረቀት አይለይም።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። «27/08/2012» የሚል ወረቀት ለኛ ሚያዝያ 27 ነው፤ ውጭ አገር ላለ አሠሪ ወይም ኤምባሲ ግን ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ የነሐሴ ቀን ነው። ይህን አይቶ «ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው» የሚል አይጠፋም። 3 ፎቶ ኮፒ፣ 1 የስልክ ፎቶ፤ ዋናው በደረት ኪስ ሳይሆን በፕላስቲክ ውስጥ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 27፦ ቀን 14

ቢሮ ዝግ፣ ሪሴፕሽን ክፍት። ሒሳቡን ዛሬ ማታ ዝጉ፤ ረቡዕ ጠዋት የሚወጣው አንድ ሰው አይደለም፣ በአንድ በረራ የገባ ሁሉ ነው። የምትከፍሉትን ሌሊት ቁጠሩ፦ ማክሰኞ ንጋት ላይ ገብታችሁ የተኛችሁባት ግማሽ ሌሊት እንደ ሙሉ ሰኞ ተቆጥራ ከሆነ 16 ሌሊት ነው የሚሆነው፣ ካልተቆጠረች 15። በመጀመሪያው ሌሊት የጻፋችሁት ወረቀት ለዚህ ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ መሥሪያ ቤት የሚመልስላችሁ ገንዘብ ካለ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አድርጉት።

ረቡዕ ሚያዝያ 28፦ መንገዱ

ጠዋት 1 ሰዓት ተነሡ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ተሳፋሪ ነበር የሚሄደው፣ ታሪፉም እጥፍ። የቤት መኪና ከመጣ ሾፌሩ ማስክ ያድርግ፣ መስኮት ገርበብ ይበል፣ መንገደኛው ኋላ በቀኝ በኩል ይቀመጥ። ነፃ ተብላችሁ ስለወጣችሁ የሾፌሩ ማስክ የሚጠብቀው እናንተን ነው፤ 14 ቀን ማንንም ያላገኘው እናንተ ናችሁ፣ ሾፌሩ ግን ከተማውን ሲዞር ነው የከረመው።

ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፤ እስከ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወልቂጤ። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይለወጣል። በከተማ መግቢያ ኬላዎች ግንባር ላይ የሚነጣጠረው መለኪያ የሚያነበው ቆዳን ነው። ፀሐይ በመስኮት ሲያርፍበት የመጣ ግንባር 38 ሊያሳይ ይችላል። ኬላው ሳይደርስ ጥላ ጥላውን ሁኑ፣ ኮፍያ አውልቁ፤ ከፍ ካለ 10 ደቂቃ ጥላ ሥር ቆይቼ ይለካልኝ በሉ፣ አይከለከልም። ኬላ ላይ የሚሰጠው ፎቶ ኮፒው ነው፣ ዋናው ወረቀት ከእጅ አይውጣ።

ምሳ ካስፈለገ ሸለቆውን ተሻግራችሁ ወደ ላይ ወጥታችሁ ብሉ። ከዚያ ሰኮሩ፤ በሰኮሩና በአሰንዳቦ መካከል የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ይታያል። አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ከዚያ አረንጓዴው እየጠቆረ ጅማ።

ጅማ ከገቡ በኋላ

መኪናው ግቢ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና ገባህ» ሊል ይመጣል። አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥን ይከለክል ነበር፤ የጅማን ሰው ትከሻ ለትከሻ ከመሳም የሚያግድ አዋጅ ግን ገና አልተጻፈም። የሚሠራው ዘዴ አስቀድሞ መቀመጫውን ማዘጋጀት ነው። ሳሎን አይከፈት። ባርጩማዎቹ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ በመካከላቸው ሁለት እርምጃ እየተተወ ይደርደሩ፤ ሰው የተደረደረ ባርጩማ ካገኘ ይቀመጥበታል፣ ካላገኘ ወደ እናንተ ይጠጋል። ሲኒው በፈላ ውሃ ይለቅለቅ፣ እጣቢው ውሃ አይደጋገም። አዛውንት ሲመጡ ከባርጩማ ብድግ ብሎ፣ እጅ ደረት ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ማለት ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። በርጫ ቤት ግን ይቅር፤ የተዘጋ መስኮት፣ የብዙ ሰዓት ወሬ፣ አንድ የውሃ ጆግ ለስድስት ሰው።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ ኮሮና ብቻ አይታሰብ። የጊቤ ሸለቆም፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ያለውም አገር የወባ አገር ነው፤ ከተነከሱ በኋላ ወባው ለመታየት ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ውጭ የከረመ ሰው ደግሞ መከላከያው ስለሚደክም ይበረታበታል። ጤና ጣቢያ ሲኬድ ሁለቱንም ምርመራ ጠይቁ፦ የጣት ደም ለወባ፣ የአፍንጫ ናሙና ለኮሮና፤ የኮሮናው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪም ይሠራ ነበር። ለሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱን አሳዩና ሸለቆው ላይ ስንት ሰዓት እንደቆማችሁ፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣ አብራችሁ ንገሩት።